አባባ የጻፉት ፋይል

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ቢሮ ዋልሁ። የተማሪ ውጤት ማስገባት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ ኔትወርክ የለም… የሁልጊዜው። ከምሳ በኋላ ኃላፊያችን ሰበሰቡን። አዲሱ የሬጅስትራር ሲስተም ራስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው የተጻፈው፣ እስከ ጥር ልመዱት አሉ። አጠገቤ የሚቀመጠው ብሩክ፣ አምና ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣው፣ "ራስት ማለት ዝገት ማለት ነው" አለኝ። ለቋንቋ ዝገት ብሎ ስም ማን ያወጣል?

ቤት ስገባ አባባ በረንዳ ላይ ናቸው። ፊታቸውን ሐይቁ ወዳለበት አዙረው። አያዩትም። ከነሐሴ ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለዩት።

"የሺአረግ፣ ያ ጽሑፌ መቼ ነው የሚቃናው?"

"ጊዜ ሳገኝ፣ አባባ።"

"ጊዜ የሚያንሰው ለአንቺ ነው ወይስ ለኔ?"



ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ነገሩን እዚህ ላስቀምጠው፤ ለራሴም ግራ እየገባኝ ነው።

አባባ አርባ ዓመት ከሐይቁ ማዶ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ሲባል የማያውቃቸው ደብር የለም። እማዬ ስታርፍ እኔ ዘንድ መጡ። አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ቁልፉን አሳየኋቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሁለት ጣት፣ ፊደል በፊደል… ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው እኮ! ምን እንደሚጽፉ አልነገሩኝም። አልጠየቅሁም። ዓይናቸው ሊሄድ ሲል "ጨርሻለሁ" አሉ። ያለው አንድ ፋይል ነው።

ችግሩ ፊደሉ ነው። ሲጀምሩ ቁልፉን ስላልለመዱት፣ በንጉሡ ሠ የሚጻፈውን በእሳቱ ሰ፣ በሐመሩ ሐ የሚጻፈውን በሃሌታው ሀ አድርገውታል። ሌላ ሰው ልብ አይለውም። እሳቸው ግን ሲያስቡት እንኳ ያንገፈግፋቸዋል። ዛሬ ከእራት በፊት የሚታረሙትን ቃላት በቃላቸው አስጻፉኝ። መቶ ሰባ ቃል።

"ፊደሉ ሳይቃና አይነበብም። አንቺም እንዳታነቢው።"

"ሳላነብ እንዴት ላርመው፣ አባባ?"

"ያ የምትማሪው ነገር ያንብበው። አንቺ ግን አታንቢ።"

ፕሮግራሙ ያንብበው ማለታቸው ነው። እሺ አልሁ። እሺ ማለቱስ ቀላል ነው… ግን ለምን? እኔ እንዳላይ ከሆነ፣ በኔ ላፕቶፕ ለምን ጻፉት?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ፋይል መክፈት ተማርሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ይሄ ቋንቋ ግን ከመክፈቱ በፊት ጥያቄ ያበዛል። ፋይሉ ባይኖርስ? ባይፈቀድልሽስ? ለሁሉም መልስ ካልሰጠሁት ንቅንቅ አይልም።

ለሙከራ "ሰላም" ብቻ ያለበት ፋይል ሠራሁ። ርዝመትህ ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ዘጠኝ አለኝ።

ሰ። ላ። ም። ሦስት ነው እኮ!

እንደገና ጠየቅሁት። ዘጠኝ።

ጣቴን አውጥቼ ቆጠርሁ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

የባሰ መጣ። ከ"ሰላም" የመጀመሪያዎቹን አራት ቆርጠህ አሳየኝ አልሁት። ፕሮግራሙ ደንግጫለሁ ብሎ ቆመ። ቃሉ ራሱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደንግጫለሁ ነው የሚለው። እኔ ልደንግጥ እንጂ እሱ ምን ሆነ?

ብሩክ ሳቀ። "የኛ ፊደል አንዱ በኮምፒውተሩ ቁጥር ሦስት ባይት ቦታ ነው የሚይዘው። አራተኛው ላይ ስትቆርጪ ላ መሀሉ ላይ ተቆረጠ። ለፈረንጁ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው፤ ለኛ ሦስት።"

"ለምን?"

"ወደ ኮምፒውተሩ ዘግይተን መጥተን ነዋ።"

መልስ ነው ይሄ? ብቻ ለአባባ ነገርኋቸው። ደስ አላቸው! "ፊደላችን ከባድ ነው ማለት ነዋ" አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ አየሁ። እኔ ግን እስካሁን በደንብ አልገባኝም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ቃል የሚቆጥር ፕሮግራም ሠራሁ። ፋይሉን ይከፍታል፣ ያነባል፣ ከዚያ ቃል ጻፊልኝ ብሎ ይጠብቃል። ስጽፍለት ስንት ጊዜ እንዳለ ይነግረኛል። የትኛው ስሕተት ስንት ቦታ እንዳለ ለማወቅ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ማንበብም አይደለም… አይደል?

ሠራ! መጀመሪያ ያለ ስሕተት የሠራልኝ እሱ ነው። ደስ ብሎኝ ያገኘሁትን ቃል ሁሉ እጽፍለት ጀመር። "ቅኔ"፦ ሁለት መቶ ሰማንያ። "ሐይቅ"፦ ዐሥራ ዘጠኝ። የእማዬን ስም ጻፍሁ። "ፀሐይወርቅ"፦ ሦስት።

ሦስት ብቻ? ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ኖረው?

ምናልባት በጸሎቱ ጸ ጽፈውት ይሆናል ብዬ በዚያም ሞከርሁ። ዜሮ።

ከዚያ ፕሮግራሙን ትንሽ ለወጥሁና በብዛት ጎን ለጎን የተጻፉትን ቃላት እንዲደረድርልኝ አደረግሁ። ከሰው ስም አንደኛ የወጣው፦ ወለተ ኪዳን። አርባ አንድ ጊዜ።

ወለተ ኪዳን የምትባል ዘመድ የለችንም።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

አርባ አንድ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ አባባን እጃቸውን ይዤ ስመጣ አላስችል አለኝ።

"ወለተ ኪዳን ማናት?"

ቆሙ። መንገድ መሀል። ባጃጅ በጥሩንባ እያጣደፈን።

"አነበብሽው?"

"አላነበብሁም። ፕሮግራሙ ቆጠረ።"

"ቆጠረ?" አሉ። "ስንት አለ?"

"አርባ አንድ።"

"አንሷል" አሉ። መንገዱን ቀጠሉ። 

አንሷል? እማዬ ሦስት፣ እሷ አርባ አንድ፣ እሱም አንሶ? የእማዬን ፎቶ አየሁ። ታውቅ ነበር? ነጠላዋን ለብሳ ሳቅ ብላለች። ምኑን ትነግረኛለች?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ማስተካከያውን ፕሮግራም ለመጻፍ እጄ አልፈታ አለ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ፊደሉ ከተቃና ይነበባል። ከተነበበ ይታወቃል። አባባ ቀኑን ሁሉ አይጠይቁኝም አሁን። እሳቸውም እንደኔ ፈርተው ይሆን?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት መብራት የለም። ላፕቶፑ ላይ ሠላሳ አንድ ፐርሰንት ባትሪ ነበረኝ። ዛሬ ይለቅ ብዬ ተነሣሁ። በአንዱ መስኮት የቃል ቆጣሪውን ከፍቼ ያንኑ ስም ጻፍሁለት። አርባ አንድ። ሳልዘጋው ትቼው በሌላ መስኮት ማስተካከያውን አስኬድሁ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ዋናውን ፋይል ያነባል፣ የታረመውን አዲስ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ ሲጨርስ አዲሱን በአሮጌው ቦታ፣ በአሮጌው ስም ያስቀምጣል። "ተጠናቋል" አለኝ። እንዴት ፈጠነ አልሁ።

ፋይሉን ከፈትሁት። ባዶ። መጠኑ ዜሮ።

አሮጌውስ? በቦታው የተቀመጠው ባዶው ነው። አሮጌው የለም። ፍላሽ ላይ አለ ብዬ ሮጥሁ… የሚያዝያው ቅጂ ነው። ግማሹ። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የጻፉት፣ ዓይናቸው እየጠፋ ስክሪኑን በአፍንጫቸው እየነኩ የጻፉት፣ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይሄን ማንም አያነበውም። ፋይሉ ባዶ መሆኑን ባየሁበት ቅጽበት፣ ከድንጋጤው በፊት፣ የሆነ ነገር ቀለል አለኝ። እፎይ የሚመስል። ከዚያ በኋላ ነው ፍላሹን ለመፈለግ የሮጥሁት።

ለብሩክ ደወልሁ። አባባ በረንዳ ላይ ናቸው፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርሁት።

"ላፕቶፑን እንዳታጠፊው! ምንም እንዳትዘጊ። ፋይሉን የከፈተ ሌላ ፕሮግራም አለ?"

"ቃል ቆጣሪው… ጠዋት የከፈትሁት። ግን እሱ አንብቦ ጨርሷል።"

"ፕሮግራሙ ቆሟል ወይስ አሁንም እየጠበቀ ነው?"

"ቃል ጻፊልኝ እያለ ነው።"

"እዛው ይጠብቅ! ፋይሉን አልለቀቀውም ማለት ነው። የያዘው ካለ ፋይሉ አልሞተም። የጠፋው ስሙ ነው።"

አልገባኝም። ስሙ ጠፍቶ እሱ እንዴት ይኖራል? ለመጠየቅ ግን ጊዜ የለም፤ ባትሪው ዐሥራ አራት ሆኗል። ብሩክ እየነገረኝ እኔ እጽፋለሁ። መጀመሪያ የፕሮግራሙን መለያ ቁጥር ፈልጊ። አገኘሁ። በዚያ ቁጥር ስር ፕሮግራሙ የያዛቸው ፋይሎች ማውጫ አለ፣ ግቢ። ገባሁ። ሦስት ቁጥርን እይ፣ ምን ይላል? የፋይሉ ስም ነው፣ አጠገቡ "የተሰረዘ" ይላል።

"እሱን ኮፒ አድርጊ። ቀስ ብለሽ። ፊደል አትሳቺ።"

ስልኩ ተቆረጠ። ኔትወርክ። ትእዛዙን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ባትሪ ዘጠኝ። ተጫንሁት። ምንም አላለኝም፤ ዝም ብሎ ወደ ባዶው መስመር ተመለሰ። መጠኑን አየሁ። ዜሮ አይደለም! የቃል ቆጣሪውን በአዲሱ ቅጂ ላይ አስኬድሁት። ወለተ ኪዳን፦ አርባ አንድ።

ያን ስም እንዲህ በደስታ አየዋለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ፍላሽ ላይ ገለበጥሁ። ስልኬም ላይ። ባትሪው ስድስት ሲሆን አጠፋሁት።

አንገቴን ቀና ሳደርግ አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። መቃኑን ይዘው። ምን ያህል እንደሰሙ አላውቅም።

"ጠፍቶ ነበር?"

"ጠፍቶ ነበር፣ አባባ። ተገኘ።"

"እኔም በሰማሁ ጊዜ አንድ አፍታ ቀለለኝ" አሉ። "እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።"

"እኔም" ያሉት ለምን ነው? እኔ ምንም አልተነፈስሁም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ብሩክ ስሕተቱን አሳየኝ። አንድ መስመር ናት። ፕሮግራሜ ፋይሉን መጀመሪያ መስመሮቹን ለመቁጠር አንድ ጊዜ ያነበዋል። ሲጨርስ መጨረሻው ላይ ይቆማል። ከዚያ ለማረም አንብብ ስለው ካለበት ነው የሚቀጥለው፤ ከመጨረሻው በኋላ ደግሞ ምንም የለም። ምንም አነበበ፣ ምንም ጻፈ፣ ተጠናቋል አለ።

"ወደ መጀመሪያው ተመለስ ማለት ነበረብሽ።"

"ራሱ አያውቅም?"

"ያልነገርሽውን ከየት ያውቃል?"

ያን መስመር ጨመርሁ። በቅጂው ላይ አስኬድሁት። አሁን በአሮጌው ስም ላይ አይጽፍም፤ በሌላ ስም ነው የሚያስቀምጥ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዐሥራ ሁለት እርማት። ተቃና።

ለአባባ ነገርኋቸው። "ቅዳሜ ታነቢልኛለሽ" አሉ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አነበብሁላቸው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። ውሃ ብቻ ነው የጠጣነው።

እስከ ግማሹ የተማሪ ቤት ታሪክ ነው። ልመናው፣ ውሻው፣ ጎጆው፣ የመምህራቸው የየኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ቁጣ። ሳቅን ሁሉ። ከዚያ የሚያዝያው ቅጂ የሚያበቃበትን አለፍን።  ወለተ ኪዳን የመጣችው እዚያ ነው።

እኔ የፈራሁት አይደለም። እኔ የፈራሁት ይሻል ነበር?

ወለተ ኪዳን የመምህሩ ልጅ ነበረች። ማንም አላስተማራትም፤ አባቷ ሲያስተምሩ ከጓዳ እየሰማች ነው የተማረች። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት በደብሩ ክብረ በዓል ከየአገሩ መምህራን ሊመጡ ነበር። የዚያን ቀን በቅኔው የበለጠ ተማሪ ማዶ ያለውን የመምህርነት ወንበር ያገኛል ተብሏል። አባባ ሠላሳ ዓመታቸው ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው ቅኔው አልመጣ አላቸው። በጓሮ ሲያልፉ እሷ እህል እየፈጨች ለራሷ መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ ስትል ሰሙ። ስምንት ቤት፣ ስምንት ስንኝ ማለት ነው። እንደዚያ ያለ ሰምተው አያውቁም።

እንዲህ ጽፈዋል፦ "ሰማሁት። ያዝሁት። የኔ ነው ብዬ ቆሜ ነገርሁት። መምህራኑ ተነሥተው ቆሙ። እሷ ከሴቶች መካከል ነበረች፤ አየችኝ።"

ያ ቅኔ ነው አባባን አባባ ያደረጋቸው። ተማሪዎቻቸው የሚያስተምሩት እሱን ነው። እኔም ልጅ ሆኜ "የአባትሽ መወድስ" እየተባለ ሰምቻለሁ። በዚያ ወንበር ነው የበላሁት፣ የተማርሁት፣ ኮሌጅ የገባሁት።

አንብቤ ስጨርስ ቀና ብዬ ላያቸው ፈራሁ።

"በአፌ ልናገረው ሞክሬ ነበር፣ ስንት ጊዜ" አሉ። "ለእናትሽ ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት። እሱንም ጽፌዋለሁ።"

ሦስት ጊዜ። የእማዬ ስም ያለበት እዚያ ነው።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾም ገባ።  

ልቆጣ? ላዝን? ይቅር ማለት የኔ ነው እንዴ? ከኔ የተሰረቀ ነገር የለም። እንዲያውም እኔ የተሰረቀውን በልቻለሁ… ሳላውቅ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ከጽዮን በዓል መልስ አባባ፣ "ወለተ ኪዳን ሐሙሲት ከተማ ናት ይላሉ። መንኩሳለች። በሕይወት አለች" አሉ። ለካ ዓመቱን ሁሉ ከሚመጡት ካህናት ሁሉ ሲያጠያይቁ ኖረዋል።

"መንገዱ ክፍት ከሆነ ውሰጂኝ። ጽሑፉንም በወረቀት ያዢልኝ።"

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

መንገዱ ክፍት ነው አሉ። ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። አባባ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው። ሐሙሲት ወርደን ከሻይ ቤቶቹ ጀርባ፣ በገበያው በኩል፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ። አንዲት ሴት አሳየችን።

እማሆይ ወለተ ኪዳን በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀጭን ናቸው። ቆባቸው ንጹሕ። ቀና ብለው አባባን አዩና ሰፌዱን አስቀመጡ።

"አንተ ነህ፣ ጥዑመ?"

አባባን "አንተ" የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። በሕይወቴ።

"እኔ ነኝ፣ እማሆይ።"

"ዓይንህን ምን ነካህ?"

"ሄደ።"

"ግባ።"

ተቀመጥን። አባባ ደኅና ነዎት እንኳ አላሉም። "ልጄ ታንብብልዎት" አሉ። ከሚያዝያ በኋላ ያለውን አነበብሁ። እማሆይ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው ሰሙ። መወድሱ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

"አምስተኛውን ቤት ድገሚው።"

ደገምሁት።

"ቃሉ እንዲህ አይደለም። የወፍጮው ድምፅ ከልሎብህ ነው አጣምመህ የሰማኸው። አርባ ስድስት ዓመት የተሳሳተ ቃል ስታስተምር ኖርህ።" ትክክለኛውን ነገሩት። አባባ በአፋቸው ውስጥ ደገሙት። ፊታቸው ላይ የሆነውን እንዴት ልጻፍ? ሰው ያፍራልም ይደሰታልም በአንድ ጊዜ?

ከዚያ አባባ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ልይዛቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ለምን ዝም አልሽ?" አሉ። አሁን እሳቸውም "አንቺ" ነው ያሉት።

"ማን ነገረህ ዝም እንዳልሁ? በዓሉ ሳያልፍ ለአባቴ ነግሬዋለሁ።"

"ለየኔታ?"

"ለየኔታህ። አውቋል። 'አንቺ ወንበር ላይ አትቀመጪ፤ ቅኔው መሬት ላይ ወድቆ ከሚቀር እሱ ይያዘው' አለኝ። እኔ ይቅር ለማለት የታገልሁት ከአባቴ ጋር ነው፤ ካንተ ጋር አይደለም። አንተ ሌባ ነበርህ፤ ሌባ ይሰርቃል። እሱ ግን አባቴ ነበር።"

አባባ እንደተንበረከኩ ቀሩ። የኔታ ያውቁ ነበር። እያወቁ መርቀው ወንበሩን ሰጧቸው። አርባ ስድስት ዓመት ማንም አያውቅብኝም ብለው የኖሩት ሁሉ…

"ተነሥ፣ ጉልበትህን ታጣዋለህ" አሉ እማሆይ። የጾም ወጥ አቀረቡልን። አባባ አልበሉም። እኔ በላሁ፤ ለምን እንደበላሁ አላውቅም፤ በጣም ርቦኝ ነበር።

ስንወጣ፣ "ይቅር ብለውኛል?" አሉ አባባ።

"ጽሑፉን ምን ልታደርገው ነው?" አሉ እማሆይ በመልሱ ፈንታ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

አባባ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አስጨመሩኝ፦ የታረመውን ቃል፣ የየኔታን ማወቅ፣ መወድሱ ላይ የባለቤቱን ስም።

ከመላካችን በፊት ለመርስዔ ኀዘን ልንገረው አሉ። መርስዔ ኀዘን ዛሬ ያ ወንበር ላይ ያለው ተማሪያቸው ነው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። መጨረሻ ድረስ ሰማ።

"የኔታ፣ ታመዋል እንዴ?"

"ደኅና ነኝ።"

"ይሄ ነገር ማንን ይጠቅማል? እስካሁን ያስተማርሁትን ምን ልበል? እባክዎን ልጅዎ ፋይሉን ታጥፋው። ማንም አላየውም እኮ።"

አባባ ወደኔ ዞሩ። ልክ እንደሚያዩኝ።

"ይጠፋል?"

"ይጠፋል" አልሁ።  "ሁሉንም ቅጂ ካጠፋሁ።"

"እኔንስ? እኔ እያወቅሁት?" ይሄን ያሉት ለኔ ይሁን ለመርስዔ ኀዘን ለማን እንደሆነ አልገባኝም። መርስዔ ኀዘን ስልኩን ዘጋ። አባባ "ላኪው" አሉ። ስማቸውን ላስታወሷቸው ተማሪዎች ሁሉ በቴሌግራም ላክሁት። ሃያ ሦስት ሰዎች። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጎርጎራ፣ መራዊ…

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ሃያ ሦስቱም አይተውታል። የመለሰ የለም። በየሳምንቱ ሊጠይቋቸው የሚመጡት ሁለት ቄሶች ዛሬ አልመጡም። አባባ ስለነሱ አይጠይቁም።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

አንዱ መለሰ። ቢያዝን የሚባል፣ መራዊ ያለ። እንዲህ ይላል፦ "የኔታ፣ አምስተኛው ቤት ለምን እንደማይገጥም ሁልጊዜ ግራ ይገባኝ ነበር። ለመጠየቅ እፈራ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" አራት ጊዜ አስነበቡኝ።

ብዙ ሳይቆይ ከሐሙሲት ስልክ መጣ። የጎረቤት ስልክ ነው። እማሆይ ናቸው። አባባን አልፈለጉም፤ ያቺን ልጅ አቅርቡልኝ አሉ።

"የላክሽው እዚህም ደርሶ ልጆች አነበቡልኝ። አንድ ብቻ ነው ያላችሁት።"

"አንድ ምን፣ እማሆይ?"

"ቅኔ። እኔ እኮ አንድ ብቻ አይደለም ያለኝ።"

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ሐሙሲት። አባባ እኔም እሄዳለሁ አሉ። እማሆይ በሩ አጠገብ በርጩማ ሰጧቸውና፣ "ትሰማለህ እንጂ አትናገርም" አሏቸው። እሺ አሉ። መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ እማሆይ አዘንብለው። እንደ ተማሪ።

ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዲስ ፋይል ከፈትሁ። ስሙን ወለተ ኪዳን አልሁት። የመጀመሪያውን ነገሩኝ። ረጅም ነው። ሁለት ጊዜ አስደግሜ ጻፍሁት፤ በየትኛው ሠ፣ በየትኛው ሐ እንደሆነ እየጠየቅሁ። ሴቭ አድርጌ መልሼ ከፈትሁት፤ አለ።

ሦስተኛው ቤት ላይ ግራ ገባኝ። አንገቴን ወደ አባባ አስጠግቼ በሹክሹክታ፣ "ምን ማለት ነው?" አልኋቸው።

አባባ አሰቡ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቤቱን ለራሳቸው ደገሙት።

"እኔም አልገባኝም" አሉ። "እሳቸውን ጠይቂያቸው።"